የጠርሙሶቹ ባለቤት

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? ናፍቆትህ ቢበረታም እኛ ሁላችን ደህና ነን።

አረቄዬ ሱፐርማርኬት ሊገባልኝ ነው። ያለ ባርኮድ አንቀበልም ስላሉኝ ባለቤቴ፣ «አንቺ አረቄሽን አውጪ፤ የቢሮውን ጣጣ ለእኔ ተይው» ብሎ ድርጅቴን በሦስት ቀን አስመዘገበልኝ።

ማክሰኞ ለአዲሱ የብርቱካን አረቄ የባርኮድ ቁጥር ላወጣ ራሴ ወደ ቢሮው ሄድኩ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሯን አየችና፣ «ባለቤቱ ይምጣ» አለችኝ።

«ባለቤቷ እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ባለቤትሽን ማለቴ ነው።»

«የቤቱን ነው የድርጅቱን?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም፤ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው።

ለባሌ ስነግረው፣ «የቢሮ ሰው መች ሥራውን ያውቃል!» ብሎ ሳቀ። የምዝገባውን ወረቀት ብጠይቀው መኪናው ውስጥ ነው አለኝ። ትናንት መኪናዋን እስከ ምንጣፏ ድረስ አጠብኳት። መኪናዋስ ጸዳች።

ጋሼ፣ እማማ የአረቄ ማውጫውን ዕቃ ለእኔ ስትሰጠኝ አንተ በምስክርነት የፈረምክበት ወረቀት እጅህ ላይ አለ አይደል? እንዲያው ለማስታወሻ ኮፒውን ላክልኝ። በአክስቴ አድራሻ ይሁን፤ እኛ ቤት ደብዳቤ ይጠፋል።

ልጆቹ ጉንጭህን ይስማሉ። ባለቤቴም መጻፌን ቢያውቅ ኖሮ ሰላም በይልኝ ይል ነበር።

አክባሪ እህትህ