የከርከሮው መንጋጋ

ሰመራ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ግራ ክንዴ ሁለት ቦታ ስለተሰበረ በብረት አያይዘውልኝ ሆስፒታል ነኝ። ስልክህ ከተዘጋ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ አዋሽ መኪናህን ለምታሳርፍበት ሆቴል ባለቤት፣ ለሃፍሳ ልኬዋለሁ። በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ።

የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በጥር ወር ገዋኔ ትምህርት ቤታችን ለስድስተኛ ክፍል ስለ ዳይኖሰር ሳስተምር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ አንድ ሣልኩላቸው። ልጆቹ ይሄ ገዋኔ ይኖር ነበር ወይ አሉኝ። እነሱ ካለቁ ከስንት ዘመን በኋላ ነው ይሄ የእኛ አፈር የተነጠፈው፤ እዚህ የሚገኘው ድንጋይ የሆነ የዝሆን፣ የጉማሬ፣ የከርከሮ፣ የጥንት ሰውም አጥንት ነው አልኳቸው። ቅር አላቸው። በሳምንቱ ግን ኸሊዳ፣ የጥበቃችን የጋሽ ሀምዳ ልጅ፣ ጎርፍ ከሸረሸረው ገደል ስር ያገኘችውን መንጋጋ በሻሿ ጠቅልላ አመጣች። ከጥርሶቹ አንድ አልጎደለም። ሁለተኛ ከቦታው እንዳታነሳ መከርኳት፤ አብረን ሄደን ቦታውን ምልክት አደረግንበት፤ ለቅርስ ጽሕፈት ቤትም አሳወቅን። ባለሙያ እስኪመጣ ዕቃ ቤት ቆለፍንበት።

ከጅቡቲ ስትመለስ ልትጠይቀኝ የወረድክ ዕለት እጅህን ይዤ ያሳየሁህ እኔው ነኝ። እህትህ ምን እንደምታስተምር እንድታይልኝ ነበር። የሰው ነው ወይ አልከኝ። የከርከሮ ነው አልኩህ። ሳቅክና፣ «ለእኔም ትደብቂያለሽ?» አልከኝ። ፈረንጅ ቢያገኘው ምን ይሰጣል ብለህም ጠየቅከኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሮመዳን በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ፊታቸውን በሽርጥ የጠቀለሉ ሁለት ሰዎች አጥር ዘለው ገቡ። አንዱ ሽጉጥ፣ ሌላው የጎማ መፍቻ ይዟል። ጋሽ ሀምዳ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ የልጆቹ ነው፣ አትነኩም አሏቸው። ባለሽጉጡ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ልጆቹን ወለል ላይ አስተኝቼ ወጣሁ።

በሩ ተገንጥሏል። ባለሽጉጡ መንጋጋውን ታቅፏል። ጋሽ ሀምዳ፣ ምራቅ እንኳ ያልዋጡ ጾመኛ ሽማግሌ፣ የባለመፍቻውን ልብስ አንቀው ይዘዋል። ሰውየው ጉልበታቸውን መታቸው፤ አልለቀቁም። ትከሻቸውን መታቸው፤ አልለቀቁም። ሦስተኛው ጭንቅላታቸው ላይ አረፈ። ከወደቁም በኋላ መታቸው፣ ሁለቴ። ክንዴን ያስገባሁት ያኔ ነው። ስወድቅ ደማቸው ላይ ወደቅኩ፤ ሙቀቱ እስካሁን ከሆዴ ላይ አልለቀቀኝም። መፍቻውን እንደገና አነሳ። ፊቴን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ኩኩ፣ ዞር በይ» አለኝ።

ከዚያ ሮጡ። ባለሽጉጡ አጥሩን ሲዘል መንጋጋው ከእጁ ወድቆ ተሰባበረ። ባለሙያው ከትናንት ወዲያ መጥቶ ስብርባሪውን አየው። የከርከሮ ነው፣ እንዲህ ያለው በየሸለቆው ሞልቷል አለኝ።

ለፖሊስ ሁሉንም ተናገርኩ። ያቺን ቃል ብቻ ዋጥኳት። ገዋኔ ላይ ለልጁም ለወላጁም ቲቸር ነኝ። ኩኩ የሚለኝ ከእናታችን ቤት ውጭ ማንም የለም።

ጋሽ ሀምዳ አምስት ቀን ራሳቸውን ሳያውቁ ቆይተው እሑድ አረፉ። ትናንት ከቀብር መልስ ኸሊዳ ልትጠይቀኝ መጣች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የአባቷም አጥንት ድንጋይ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ብዙ ዘመን ይፈጃል አልኳት። ቀጥላም፣ «ሰውየው ምን አለሽ?» አለችኝ። በመስኮት አጮልቃ አይታናለች። ምንም አላለኝም አልኳት። እዋሻታለሁ ብላ የማታስብ ልጅ ናት፤ አመነችኝ። የተሰበረውን ክንዴን በቀስታ ደባብሳልኝ ወጣች።

ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። አባታችን ሲሞት ጎንበስ ብለህ ጫማዬን ያሰርክልኝ፣ ደብተሬን የገዛህልኝ አንተ ነህ። ይህን አልረሳሁም፤ አልረሳምም። ነገ ጠዋት ግን መርማሪው ቃሌን ደግሞ ሊቀበል ይመጣል። ኸሊዳም አብራኝ እንድትቀመጥ ጠይቄያለሁ። ይህ ወረቀት አዋሽ ሲደርስ ተናግሬ ጨርሻለሁ።

ስለ ባለቤትህና ስለ ልጅህ አታስብ። ደመወዜም ቤቴም የእነሱ ነው፤ ልጅህን እኔው አስተምራታለሁ። አንተን ግን ሰው አሳዶ ከሚይዝህ በገዛ እግርህ ብትመጣ እወዳለሁ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። መንገድህንም ወደ ሰመራ ያቅናልህ።

ታናሽ እህትህ