የሽንኩርት ዋጋ ስንት ጉልበት አለው?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

38! ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት፤ ያው 38። ከ25 ካለፈ ገበያው አቅጣጫ ይዟል ይላሉ። መለኪያው ኤዲኤክስ ይባላል። የአክሲዮንና የዶላር ሰዎች ይጠቀሙበታል፤ እኔ ለሽንኩርት አዋልኩት። ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም፣ የሚሄድበትን ጉልበት ብቻ ነው የሚለካው። አቅጣጫውን የሚናገሩት አብረውት ያሉት ሁለት መስመሮች ናቸው። የመውረጃው ከመውጫው በላይ ሆኗል። እንግዲህ የሽንኩርት ዋጋ እየወረደ ነው፤ አወራረዱም የቀልድ አይደለም።

አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይጠቅማል?» ያልተባልኩበት ዓመት የለም። ይኸው ጠቀመ።

ለጀማል ነገ እነግረዋለሁ። ወንድሜ መልካሳ አጠገብ በኪራይ መሬት ላይ የተከለው ሽንኩርት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። አምና ዝናብ አበሰበሰበት። ዘንድሮም ከከሸፈ መሬቱን መልሶ ወደ ከባድ መኪናው፣ ወደ ጅቡቲ መንገድ መመለሱ ነው። ሚስቱ ያ አደገኛ መንገድ ሲነሳ ፊቷ ይጠቁራል። የእኔም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

በዕረፍት ሰዓት ደወልኩለት። አሁኑኑ ንቀል፣ ከቆየህ በግማሽ ዋጋ ነው የምትሸጠው አልኩት። «ቅጠሉ ገና ቆሞ እኮ ነው ዘሃራ። አንገቱ ሳይታጠፍ የተነቀለ ሽንኩርት አይቆይም» አለ።

«አይቆይ! በማግስቱ እንሸጠዋለን።»

እንሸጠዋለን አልኩ። ነቃዩ እሱ፣ ሻጩ እሱ።

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ። ሐሙስ ሊነቅል ነው።

ደስ አለኝ። ደስ መሰኘቴ ራሱ ትንሽ ደበረኝ። ጀማል በእኔ ምክር አንድም ነገር አድርጎ አያውቅም፤ ሲያገባም፣ መኪናውን ሲተውም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ምን ነክቶኝ ነው!

ክፍል ስላልነበረኝ አዳማ ገበያ ዋልኩ። እስከ ዛሬ ዋጋውን የምሰበስበው በስልክ ነበር። እትዬ ፋጡማ የሚባሉ የሽንኩርት ነጋዴ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይነግሩኛል። የጠዋቱን የቀኑ ከፍተኛ፣ የከሰዓቱን ዝቅተኛና መዝጊያ አድርጌ አስገባለሁ።

ዛሬ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ጠዋት ፊታቸው ያለው ሽንኩርት ትልልቅና ደረቅ ነበር። ሆቴሎች መጥተው ወሰዱት። ስምንት ሰዓት ላይ የቀረው ትንንሹ፣ የተላላጠው፣ ውሃ የነካው ነው። እንደ ልማዴ «አሁንስ ስንት ነው እትዬ?» አልኳቸው። በጣም ያነሰ ነገሩኝ።

«በግማሽ ቀን እንዲህ ወረደ?»

«ኧረ አቦ! ማን ወረደ አለሽ? ምርጡማ በጠዋት አለቀ። ከሰዓት የምነግርሽ የተራረፈውን ነው።»

«ታዲያ በየቀኑ የሚቀንሰውስ?»

«ዝናቡ ነዋ የኔ ልጅ! ዝናብ ከጀመረ ወዲህ የሚተርፈው ሁሉ እርጥብ ነው፤ ማን ይገዛዋል?»

ስለዚህ የለካሁት የገበያውን ጉልበት አልነበረም። የተራረፈ ሽንኩርት ከቀን ቀን እንዴት እንደሚብስበት ነው ሳሰላ የከረምኩት። ይህን ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቀውን ማን ይነግረኛል? እኔም አልጠየቅኩም።

ቤት ገብቼ በጠዋቱ ዋጋ ብቻ እንደገና ሠራሁት። በቀን አንድ ዋጋ ብቻ ስለሆነ በወጉ አይሠራም፣ ቢሆንም ከ12 አላለፈም። 12 ማለት ገበያው የትም እየሄደ አይደለም ማለት ነው። ንቀልም አይልም፣ ጠብቅም አይልም።

የጀማል ስልክ ዝግ ነው። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

የሠራተኞች ቀን፣ ትምህርት የለም። በመጀመሪያው ሚኒባስ መልካሳ ሄድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ እስከ ማሳው። ስደርስ ከሃያ ስድስቱ መደብ ሰባቱ ተነቅሏል። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አንገቱ እንደ አውራ ጣቴ ወፍራም። ከባጃጁ ሳልወርድ «አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

ለጀማል ሁሉንም ነገርኩት፤ የጠዋቱን፣ የከሰዓቱን፣ 38ቱን፣ 12ቱን። ሰበብ አልደረደርኩም። አለቀስኩ ግን። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁንስ ቁጥሩ ምን አለ? ልንቀለው ወይስ ልተወው?»

«እሱ አያውቅም። እኔም አላውቅም ጀማል።»

ወደ አሰላ በኩል ያለውን ደመና ቆሞ አየ። ጎንበስ ብሎ ከአንዱ መደብ የሽንኩርቱን አንገት በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ ሠራተኞቹን በኦሮምኛ አመስግኖ እንዲተዉት ነገራቸው።

የተነቀለውን ጭነን አዳማ ገባን። እትዬ ፋጡማ አገላብጠው አዩት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ። ከተራረፈው ጋር ቀላቀሉት። ለጀማል ስንት እንደከፈሉት አልጠየቅኩም፤ እሱም ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።

አርብ፣ ሚያዝያ 24

ከሰዓት ካፊያ ጣለ። በመስኮት እያየሁ ሰሌዳው ላይ ቀመር ስሳሳት ተማሪዎቼ አረሙኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀማል ራሱ ደወለ። እሱ መደወል አይወድም። ዝናቡ አፈሩን ብቻ ነው የነካው፣ ቦዮቹን ከፍቻለሁ፣ ውሃ አልቆመም አለኝ። ከዚያ «የዛሬ ጠዋቱ ስንት ነበር?» አለ።

«የትናንቱ ነው። አልተነቃነቀም።»

«የምርጡ?»

«የምርጡ። ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«እሺ።»

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «ነገም ሂጂና ንገሪኝ» ብሎ ዘጋው።

አሥራ ዘጠኙ መደብ መሬት ውስጥ ነው። ሰማዩ ከትናንቱ ጠቁሯል።