ማሳውን ላረሰችው የቆሙት አቶ ዓሪፍ ኡበይደላ

አቶ ዓሪፍ ኡበይደላ በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ ከውርጌሳ ከፍ ብሎ በሚገኝ የገጠር መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ኡበይደላ ይማምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰዓዳ እንድሪስ በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ቁርኣን በመንደራቸው ቀሩ፤ ዘመናዊ ትምህርትም መርሳ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። አባታቸው ሲሞቱ ግን ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ። ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ረዲን ያሳደጉትም ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው።

በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኢሕሳን አማን ጋር ትዳር መሥርተው ጁነይድንና ናጅዋን አፈሩ። ማሽላ አምራች፣ ከብት አርቢ ነበሩ። «ዓሪፍ በሬ ሲገዛ ከጥርሱ በፊት የሻጩን ፊት ያያል» እየተባለ በገበያው ይቀለድባቸው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ማሽላው ለአጨዳ ሲቃረብ የአንበጣ መንጋ ወረደበት። መንግሥት ሰብላቸው ለወደመባቸው ገበሬዎች ድጋፍ እንደሚሰጥ ሲነገር፣ ሕዝቡ ጉዳቱን የሚያጣራውን ኮሚቴ እንዲመሩ አቶ ዓሪፍን መረጠ።

ፈተናው ከገዛ ቤታቸው መጣ። አቶ ረዲ መርሳ በንግድ ስለሚኖሩ፣ መሬታቸውን ባለቤታቸው ለሞቱባቸው ለወይዘሮ ቡርቱካን በእኩል፣ አርሰው ምርቱን እንዲያካፍሏቸው ሰጥተው ነበር። ዘሩም ድካሙም የወይዘሮ ቡርቱካን ነበር። አቶ ረዲ ግን የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ቀርበው ድጋፉ በስማቸው እንዲወጣ ጠየቁ። አቶ ዓሪፍም በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ «ረዲ፣ መሬትህማ አለ፤ አንበጣው የበላው የእርሷን ላብ ነው» ብለው ድጋፉን ለአራሿ ወሰኑ።

አቶ ረዲ «እንግዲያው ወንድም አለኝ እንዳይሉ» ብለው ጥለው ወጡ።

ወይዘሮ ቡርቱካን በድጋፉ ዘር ገዝተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ከስደት ቀሩ። ወንድማማቾቹ ግን ተቆራረጡ። ጦርነቱ መጥቶ ሁለቱም ቤተሰብ ሲፈናቀል እንኳ አልተጠያየቁም። በ2015 ዓ.ም. እናታቸው ሲሞቱ በአንድ ሰፍ ቆመው ሰገዱባቸው፤ ሲመለሱ ግን በየፊናቸው ሄዱ። አቶ ዓሪፍ ያን ዕለት ለባለቤታቸው «እናቴን ከአፈር በታች፣ ወንድሜን ከአፈር በላይ ቀበርኩ» አሉ። ሽማግሌ ልከው ነበር፤ አልሆነም። በውሳኔያቸው ተጸጽተው አያውቁም። የሚቆጫቸው በሰው ፊት መናገራቸው ነበር፤ «ምናለ አስቀድሜ ለብቻው በነገርኩት» ይሉ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው ወልድያና ደሴ ታከሙ፤ ሕመሙ ሲጠና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህን የሰሙት አቶ ረዲ በመጨረሻ መጡ። አቶ ዓሪፍ ትኩሳቱ አይሎባቸው የልጅነት ጊዜያቸው ይታያቸው ነበርና፣ ወንድማቸውን ሲያዩ «ረዲ፣ ከብቶቹን አስገባህ?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ረዲ ተንበርክከው እጃቸውን ያዙ። «ገብተዋል ወንድምዬ፣ ሁሉም ገብተዋል» አሉ እያለቀሱ።

«በል አንተም ግባ፤ ይመሻል።»

ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም። በማግስቱ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን አቶ ረዲን ትተዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ በጀነተል ፊርደውስ ያኑራቸው፤ ለቤተሰባቸውም ሰብር ይስጥ። የተኳረፉ ወንድማማቾችንም ጤና ሳሉ ያስታርቅ። አሚን።