ለሙከራ ብቻ የተባለው ደመና

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት።

ዛሬም ሁለት ስክሪን። በግራ የአሮጌዋ ሳተላይት ምስል፣ በቀኝ የአዲሷ። ማስተያየት፣ ልዩነቱን መጻፍ፣ ሻይ፣ እንደገና ማስተያየት። አዲሷ ከተወነጨፈች ቆይታለች፤ እኛ የአየር ትንበያ መ/ቤት በይፋ ሥራ የምትጀምረው ግን ሐሙስ ነው። ሚኒስትሩ ይመጣሉ፤ ሪባን ይቆረጣል። እስከዚያ እያንዳንዱ ምስል ጥጉ ላይ በቀይ «ለሙከራ ብቻ» ይላል።

ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ከላያችን ንቅንቅ አትልም። አፍጥጣ ታየናለች። ከሶቆጥራ ደሴት በስተምሥራቅ ያለው ደመና አልጣመኝም። በአሮጌዋ ጉም ይመስላል። በአዲሷ ይሽከረከራል።

ማታ ቤት። ዘሀራ ተኝታለች። ታናሽ እህቴ። ከወሎ ድንበር ተሻግራ ከመጣች ጀምሮ አምቡሊ ሰፈር፣ እኔ ክፍል ናት። ለጥየቃ ነው የመጣሁት ብላለች። ሻንጣዋን ግን እስካሁን አልፈታችም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16።

ተጣላን። በመጨረሻ አመነች። ሳዑዲ ልትሄድ ነው። በኦቦክ ወደብ አድርጋ፣ በጀልባ የመን፣ ከዚያ በእግር። ደላላው ጨርሷል። ተቆጣሁ፣ ለመንኳት፣ አለቀስኩ። ባሕሩ ላይ ስለሚመጣው ነገርኳት፤ ምስሉን በስልኬ አሳየኋት። ሳቀች።

«እታለም፣ መጀመሪያ ጦርነት አለ አልሽ። ቀጥሎ በሽታ። አሁን ደግሞ ደመና አመጣሽብኝ?»

እንድትቀርልኝ የማልለው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። የኔ ትንበያ ለሷ የእህት ለቅሶ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ጠዋት።

ዘሀራ የለችም። አልጋው ተነጥፏል። ስልኳ ዝግ።

ቢሮ ገባሁ። ደመናው ተሰብስቧል፤ መሃሉ ሊከፈት ነው። አዲሷ መብረቅም ታያለች፤ ዙሪያውን ብልጭ ይላል። ፊቱን ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ አዙሯል። ሙሴ ፋራህ ጋ ገባሁ። አለቃዬ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ማስጠንቀቂያ እናውጣ አልኩት። በፈረንሳይኛ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ አይሆንም አለኝ። የሙከራ ምስል ይዘን ሕዝብ አስደንግጠን ብንሳሳት፣ ነገ ማን ያምነናል? ከምረቃው በኋላ ይወጣል። ደግሞ፣ አለ፣ በዚህ ወቅት ዓሣ አጥማጁ ሩቅ አይወጣም።

ዓሣ አጥማጁስ አይወጣም።

9፡00 ሰዓት።

ደወለች! ከኋላዋ ሰዎች በአማርኛም በኦሮምኛም ያወራሉ። ከኦቦክ ወደ ሰሜን፣ ደረቅ ወንዝ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቦታ፣ ግራር ሥር ናቸው። ሲመሽ ይጫናሉ። ለምን እንደነገረችኝ ጠየቅኋት። እማዬ ብትጠይቅሽ የት እንደነበርኩ እንድታውቂ ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ። አደራ።»

ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቷል አለችኝ። ልታጽናናኝ።

እኔን መተኛቱ ነው ያስፈራኝ።

10፡00 ሰዓት።

ምስሉ በታደሰ ቁጥር ይቀርባል። የባሕር ጠባቂዎቹ ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ ነው። ብደውል ይይዟታል፤ ወደመጣችበት ይመልሷታል። ያጠራቀመችው ተስፋ ሁሉ ያበቃል። የእኔና የእሷም ነገር። አደራ ብላኛለች። ባልደውል ግን…

ደወልኩ። አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ስል፣ ከመ/ቤታችሁ የደረሰን ማስጠንቀቂያ የለም አሉኝ። ስለዚህ ሌላውን ነገርኳቸው። ደላላውን፣ ወንዙን፣ ግራሩን። ያን ጊዜ ሰሙኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18።

ሪባኑ ተቆረጠ። ጭብጨባ። ቀዩ ጽሑፍ ከምስሉ ላይ ጠፋ፤ ሳተላይቷ ሥራ ጀመረች። ሙሴ ፋራህ እየተናገረ ወደ ትልቁ ስክሪን ዞረ። ንግግሩ እዚያው ቀረ። ኤደን ፊት ለፊት ክብ፣ ነጭ፣ መሃሉ ጥቁር ጉድጓድ። ማስጠንቀቂያው ያኔ ወጣ። ውጭ ሰማዩ ቢጫ ሆኗል፤ ቁራ እንኳ የለም።

ከሰዓት።

የባሕር ጠባቂዎቹ ከኦቦክ ደወሉልኝ። ግራሩ ሥር የነበሩትን ሊጫኑ ሲሉ ይዘዋቸዋል። ዘሀራ አለች። አልሐምዱሊላህ። ከእነሱ ራቅ ብሎ ሌላ ጀልባ ነበር። ስለዚያኛው ማንም አልነገራቸውም። ወጥቷል። ወሬው የለም።

ስልኩን ሰጧት።

«ሐሊማ።» እታለም አላለችም። በስሜ። «እኔ እህት የለኝም። እንዳትመጪ።»

ተዘጋ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ጠዋት።

ሲዘንብ አደረ። የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ መጣ፤ የታች ሰፈር ሰዎች ጣራ ላይ ናቸው። ያ ጀልባ አልተገኘም። ኦቦክ ዳርቻ የላስቲክ ጫማዎችና አንድ ቢጫ ጀሪካን ባሕሩ ተፍቷል። ስለ ሰዎቹ የሚያውቅ የለም። ስንት እንደነበሩ እንኳ። እነሱም «እንዳትናገሪ» ያሏት እህት ይኖራቸው ይሆናል። ወይም ለባሕር ጠባቂ የምትደውልላቸው አልነበረችም።

ሙሴ ፋራህ ከስክሪኑ ፊት አልተነሳም። ነግረሽኝ ነበር አለኝ። ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሳያየኝ ራሱን ነቀነቀ።

የኦቦክ መርከብ ቆሟል። በታጁራ ዞሮ የሚሄድ ፒክአፕ አግኝቻለሁ። ሹፌሩ መንገዱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ መመለስም አለ ይላል። እሄዳለሁ። እንዳትመጪ ብላለች፤ ትበል። ፊቴ ላይ ትትፋ። የሚተፋው በሕይወት ያለ ሰው ነው።