ከአጥሬ ውጭ የተተከለው ድንኳን

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ በለጥሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ ወይ? አዝመራው ገባላችሁ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከሐዘኔ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

«ተክለወልድን የሚያህል ሰው ያለ ድንኳን ተቀበረ» ብለሽ ማዘንሽን ሰማሁ። በስልክ ላስረዳሽ ብል እንባ እየቀደመኝ ተቸገርሁ፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ባለቤቴን ታውቂው የለ? ግርግር አይወድም። ታሞ ሳለ «ግቢዬ ውስጥ ድንኳን እንዳይተከል፣ ደረት እንዳይመታ፣ ቤቴ ጸጥ ይበል» ብሎ አስማለኝ። ሞቶም ማዘዝ አልተወም። ይህን ለሲቀላ ሰፈር ዕድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ኤፍሬም ስነግራቸው ደነገጡ። የዕድሩ ደንብ ሦስት ቀን ድንኳን ነው፤ እምቢ ያለ ይሰረዛል። የጋሞ ሰው ደግሞ በለቅሶ ቀልድ አያውቅም። የሟች ኑዛዜ ላፍርስ ወይስ ከኖርሁበት ሰፈር ልቆራረጥ? ወዲህም ገደል ወዲያም ገደል ሆነብኝ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ተከራከሩ። አንዳንዶቹ «እኛስ እንባችንን የት እናድርሰው?» አሉ። በመጨረሻ አቶ ኤፍሬም «ቤቱ የራሱ ነውና ቃሉ ይከበር፤ ለቅሶው ግን የሰፈሩ ነው» ብለው ፈረዱ። ድንኳኑ ከአጥሬ ውጭ፣ እሳቸው ደጃፍ ላይ ተተከለ። መንገዱ ተዘጋ፤ ባጃጆቹም ሳያጉረመርሙ በሌላ በኩል ዞሩ።

እኔ ጸጥ ባለው ቤት ብቻዬን ቀረሁ። ጎረቤቴ ዘርፈሽ እንኳ አጥሚቱን ደጃፌ ላይ አስቀምጣ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ትመለሳለች። ከአጥሩ ማዶ ግን በመምህርነቱ ያስተማራቸው ሳይቀሩ ስሙን እየጠሩ ያለቅሳሉ። በማግስቱ አላስቻለኝም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁና ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። «ምነው ዘገየሽ» ያለኝ የለም፤ ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። የልቤን አለቀስሁ። እሱ ያስማለኝ ስለ ቤቱ ነው እንጂ ስለ እንባዬ አይደለም።

ስለዚህ አትዘኝብኝ። የእሱን ቃል አክብረው እኔንም ሳይጥሉ ያኖሩኝን እነዚህን ሰዎች እግዜር ይባርክልኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ አቶ ኤፍሬም እየሳቁም እያፈሩም «መቼም ሞት አይቀርም፤ ያንቺንስ ኑዛዜ ከወዲሁ ብናውቀው?» አሉኝ። እኔን በደንቡ፣ ድንኳኑን ግቢዬ መሃል ተክላችሁ፣ እየጮሃችሁ ሸኙኝ አልኋቸው።

ለጋሼ ጉግሳ፣ ለሊሻን፣ ለትንሿ የአብስራ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጉልበትሽን አሙቂው፤ ብርድ አታስነኪው።

እህትሽ አበራሽ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.