የቢላ መንገድ እሳት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ምንም የለም። ጉልበቴን አሞኛል፤ እሱ ደግሞ ወሬ አይሆንም። ሚስቴ የሺአረግ «ምንም ከሌለ ምን ልጻፍ?» ትለኛለች። ምንም የለም ብለሽ ጻፊ። እሷ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ለየች። እኔ በሬዎቹን ማን ይጠብቅልኛል ብዬ ቀረሁ። አልቆጨኝም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ታዲያ ማን ጌታ ሆነ?

ሚኒባሷ ከሰርቪስ ተመለሰች። መስከረም ላይ ከገዛናት ወዲህ ሁለተኛ ሰርቪሷ ነው። የሚነዳት አማቼ ታፋ ነው፣ የልጄ የብርቄ ባል። ከኪራሙ ተፈናቅለን ነቀምት ስንገባ የተረፉንን ከብቶች ሸጠን፣ እነሱ ያጠራቀሙትን ጨምረን የገዛናት ናት። ሌላ ንብረት የለንም። ታፋ ጠዋት የሸጠልን ድርጅት ግቢ አስገባት፣ ምሳ ሳይደርስ ተረከበ። ታጥባ ታብረቀርቃለች። በየመስመሩ ምልክት ያለበት ወረቀትም ሰጡት። ፈጣኖች ናቸው አልኩ። ታፋ ግን «አባ፣ በጣም ፈጠኑ» አለ።

ይኸው፣ ሰው ሲዘገይም ሲፈጥንም ይታማል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

መኪናችን ተቃጠለች። ሰው አልሞተም። የሺ፣ ለዛሬ ተይው። ነገ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አሥር ተሳፋሪ ይዘን ከነቀምት ወደ ቢላ ከተማ እየሄድን ነበር። እኔ ጋቢና ነኝ። ዳገቱን እንደጨረስን ሽታ መጣ። «ማሳ የሚያቃጥል ሰው አለ» አልኩ። ታፋ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋና ዘሎ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። «ውጡ! ዕቃውን ተዉት!»

ይቺ መኪና እንደ ድሮዎቹ ሞተሯ ወንበር ሥር አይደለም። አፍንጫ አላት፣ ኮፈን አላት። ጭሱ በኮፈኑ ጠርዝ እየተትጎለጎለ መስታወቱን ሸፈነው። ልወርድ ስል ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ታፋ ተመልሶ መጣ። እንደ ሙሽራ አቅፎ አወረደኝ... በሰው ፊት! «ልቀቀኝ» አልኩት። አልለቀቀኝም።

በቆሎ የሚሰበስቡ ሰዎች «ኢቢዳ! ኢቢዳ!» እያሉ እየሮጡ ደረሱ። እሳት ማለታቸው ነው። አንዱ ውሃ ሊደፋ ሲል ታፋ «ውሃ አይሆንም! አፈር!» ብሎ ጮኸ። ነፋስ እንዳይገባ ኮፈኑን ጥቂት ብቻ ብድግ አድርጎ፣ አፈሩን በዚያ በኩል በእጁ እየዛቀ ጨመረ። ጆቴ የሚባል ገበሬ የለበሰውን ጋቢ ቦይ ውስጥ ነክሮ ከላይ ከደነበት። ጠፋ።

የጆቴ ጋቢ ከሰል ሆነ። ይቅርታ ልጠይቀው ስል ሳቀብኝ። «አባ፣ ጋቢ ይሸመናል። ሰው ይሸመናል?»

ከዚያ እኔ ምን አደረግሁ? ተመስገን ማለት ሲገባኝ ታፋ ላይ ጮህኩ። «አንተ! ምን ነካክተህ ነው? ንብረቴን አቃጠልከው!» እዚህ አገር አማች አንቱ ይባላል። ብርቄን ከሰጠሁት ቀን ጀምሮ አንቱ ስለው ነው የኖርኩ። ትናንት ግን አሥር ተሳፋሪና ያ ሁሉ ገበሬ ሰማኝ። ታፋ አንገቱን ደፋ። አፈር የዛቀበት እጁ ይደማ ነበር።

የሺ «ይቅርታ ጠየቅከው?» ትለኛለች። አልጠየቅሁም። ጻፊው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የሸጡልን ሰዎች ዘንድ ሄድን። መኪናዋን ግቢያቸው አናስገባም አሉ፤ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ እስኪያያት ድረስ። ጎታች ተለምኖ እቤት አመጣናት።

መግቢያው ጋ ወንበር ላይ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ቅጹን ሞልተዋል?» አለችኝ።

«ልጄ፣ እኔ ቅጽ አልሞላም። ለሰው ነው የምነግር።»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ጠበቅን። ሰውየው ወንድምአገኝ ይባላል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሁለት ስልክ ይዟል። መኪናዋን አላያትም፣ ግን ምን እንዳቃጠላት ያውቃል! ሹፌሩ ቴፕ አስገጥሞ ሽቦ ነክቶ ይሆናል። ባትሪውን አላልቶ ይሆናል። ዘይት ሲጨምር አፍስሶ ይሆናል። ሁሉም «ይሆናል» ታፋ ላይ ነው የሚያርፈው። በመጨረሻ ወረቀት አወጣ፤ ታፋ ጥንቃቄ አጉድያለሁ ብሎ ይፈርም፣ ከዚያ እናያለን።

ታፋ «ያላደረግሁትን አልፈርምም» አለ። ቀስ ብሎ።

መንገድ ላይ «ይፈርሙላቸውና ይሥሩልን» አልኩት። «አባ፣ ከፈረምኩ ዋስትናውም ይቀራል፣ መንጃ ፈቃዴም ይሄዳል» አለ። እቤት ደጅ አድርሶኝ ሄደ። አልገባም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ባለሙያው አልመጣም። ነገ ይምጡ አሉኝ። ነገ ቅዳሜ ነው አልኩ። እንግዲያው ሰኞ ይምጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ብርቄ ከቸርች መልስ መጣች። ብቻዋን። ዓይኗ አብጧል። የታክሲ ማኅበሩ ታፋን አገደው፤ የእሳቱ ምክንያት እስኪታወቅ በማንም መኪና ሰው አይጭንም። «አማቱ ራሱ በሰው ፊት አንተ ነህ ያቃጠልካት ብሎት የለም? ብለዋል አባዬ» አለችኝ።

የእኔ ጩኸት ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

ታፋ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ይላል አለች። አሥራ አንድ ዓመት ነድቶ ዶሮ አልገጨም። አሁን መነኸሪያው ላይ ሰው ሲያየው ፊቱን ያዞራል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ባለሙያው ሰኞም ስላልመጣ ፈይሳን አስጠራሁት። በነቀምት የእሱን ያህል የቆየ መካኒክ የለም። ጆሮው ትንሽ ደንቁሯል፣ እጁ ግን ይሰማል። ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ ቀን ቆየ። ባትሪው ደህና ነው። ሽቦው የተቃጠለው ከውጭ ነው፣ እሳቱ ከእሱ አልተነሣም። ዘይትም አልፈሰሰም። ከዚያ የነዳጅ ቱቦው ጋ ደረሰ። ማሰሪያው ልል ነው። «በጣቴ ይዞራል፣ ኑ እዩ!» ናፍጣው ሲንጠባጠብ ከርሟል።

«ናፍጣ ብቻውን ግን እንዲህ ቶሎ አይቀጣጠልም» አለ። «የሚይዝለት ነገር አግኝቷል።» ጉጠቱን ወደ ሥር ሰደደና፣ ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ላይ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ጥቁር፣ የተጠቀለለ፣ ከሥሩ ገና ገለባ የሚመስል።

«አይጥ!» አለ ፈይሳ። «ጎጆ ሠርታለች!»

ብርቄ አጨበጨበች። ታፋ ግን አልሳቀም። «ዘይትና ውሃ በየጠዋቱ አያለሁ። እዚያ ሥር ድረስ አላየሁም። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ማኅበሩም እንዲህ ነው የሚለው፤ የአይጥ ጎጆ ተሸክሞ የሚዞር ሹፌር።

እኔ በትሬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

አይጥ ናት። የሺ፣ አይጥ ብለሽ ጻፊ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የትናንቱን ሰርዢው። አትሰርዢም? ይኑር እንግዲያ።

አይጥ አይደለችም። እኔ ነኝ።

መኪናዋ የመጣች ቀን ሽማግሌ ጎረቤቶቻችን እርጥብ ሣር ይዘው መጥተው ነበር። ሰርዶ፣ እነሱ ጮቆርሳ የሚሉትን። በዚህ አገር አዲስ ነገር በእርጥብ ሣር ነው የሚመረቅ። አርባ ዓመት እዚሁ አገር ኖሬ ወጉ የእኔም ሆኗል። ከፊቷ ሊያስሩላት ሲሉ ታፋ «አባቶች፣ ምርቃታችሁን በአፋችሁ ስጡኝ። ሣሩ ይቅር፣ እኔ በጸሎት ነው የማምን» አለ። በትሕትና ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ መርቀውት ሄዱ። እኔ ነኝ የከፋኝ። ሣር የተመለሰባት መኪና አይበጃትም አልኩ። እሱ ቤት ሲገባ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሣሩን ጠቅልዬ፣ እጄ እስከደረሰበት ወደ ሥር ወተፍኩት። ልቧ ጋ ይሁን ብዬ... ከዚያ ረሳሁት። እውነቴን ነው፤ ፈይሳ ጎትቶ እስኪያወጣው ድረስ በሐሳቤ አልመጣም።

ይህን ስናገር የሺ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

«ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ አንተ ሰውዬ? የታገድኩት እኔ ነኝ?»

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

መነኸሪያ ሄድኩ። ታፋን ከቤቱ ይዤ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ብነግረው እንዳይከለክለኝ ፈራሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ገመቺስ ነበር፣ ሹፌሮቹም ሰብሰብ ብለው። በትሬን ተደግፌ ተናገርኩ። ሣሩን የወተፍኩ እኔ ነኝ። ይኼ ሰው እየከለከለኝ፣ ደብቄው። እሱ አላቃጠለም፣ አሥራ አንድ ነፍስ አወጣ። አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ። በሰው ፊት አዋርጄዋለሁና በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ እላለሁ።

አንዱ ከኋላ «አባ፣ መኪናዋ ላም መሰለችዎ?» አለ። መነኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። «ጨው አልጨመሩላትም?» አለ ሌላው። ይሳቁ። ይገባኛል። በሰባ አራት ዓመቴ እንዲህ ተስቆብኝ አያውቅም።

ታፋ አልሳቀም። መጥቶ ክንዴን ያዘ። «አባ፣ ይቀመጡ። ጉልበትዎ ይደክማል» አለ። ይኼ ብቻ ነው ያለኝ። ወንበር አመጣልኝ፤ እስክቀመጥ ክንዴን አልለቀቀም።

ገመቺስ እገዳው እንዲነሣ እጽፋለሁ አለ። «ግን አባ፣ ያ የላላው ቱቦስ? እሱንም እርስዎ ነዎት ያላሉት?»

እውነቱን ነው! ቱቦውማ እኔ አልነካሁትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

የሸጡልን ሰዎች ዘንድ ተመለስን። ታፋ፣ ፈይሳ፣ እኔ። የሺንም ይዤ፤ ወረቀት ያለበት ቦታ እሷ ታስፈልጋለች። ወንድምአገኝ ሣር መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው። «እንግዲህ አባባ ራስዎ አመኑ። በዋስትና አይሸፈንም።»

«አምኛለሁ» አልኩት። «ሣሩን የከተትኩት መስከረም ነው። እናንተ ጥቅምት ላይ ከፍተን አየናት አላችሁ። በዚህ ወር መጀመሪያም ከፍተን አየናት አላችሁ። አንድ እቅፍ ሣር ነው፣ ልጄ። ከፍታችሁ ከሆነ እንዴት አጣችሁት?»

የሺ መነጽሯን አድርጋ የሰርቪሱን ወረቀት ዘረጋች። ጣቷን እያስኬደች አነበበች። «የነዳጅ ቱቦ። ታይቷል። ማሰሪያው ጠብቋል።» ሁለቱንም ወረቀት አነበበች። ሁለቱም ላይ ያው ነው። የመጣው ደንበኛ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ፈይሳ በጨርቅ የጠቀለለውን ማሰሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ወንድምአገኝ ስልኩ ጮኸ። አላነሣውም።

ከሰዓት በፊት ጎታች ላኩ። ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ የሞተሩን ሥራ እነሱ ችለዋል። የኮፈኑ ቀለም የእኛ ይሁን አሉ። ይሁን፤ እሱ የሣሬ ዕዳ ነው። የዚያችን የወንበሯን ልጅ ነገር ግን ጻፊልኝ፤ ስንወጣ ተከትላን መጥታ «አባባ፣ እኛ ፈርተን ያልተናገርነውን ተናገሩልን» አለችኝ። ስሟ ሐዊ ነው። እግዜር ይስጣት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ጆቴ ዘንድ ሄድን፣ ታፋና እኔ፣ በሰው መኪና። የሺ የፈተለችውን አዲስ ጋቢ ይዘን። አልቀበልም ብሎ ታገለን። ሚስቱ ባዩሽ «ስጡኝ፣ እኔ እለብሰዋለሁ!» ብላ ነጠቀችን። የበቆሎ ንፍሮ አበሉን። ጥርስ የለኝም፣ ግን በላሁ። ይህን ያህል ሰው እየረዳኝ የኖርኩ መሆኔን አላውቅም ነበር። ብቻዬን የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ሚኒባሷ ዛሬ ተራ ገባች። በጠዋት መነኸሪያ ነበርኩ። ታፋ ኮፈኑን ከፍቶ እስከ ሥሩ በባትሪ እያበራ አየ። ከዚያ እጁን ጭኖ ጸለየ። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ አሜን አልኩ።

አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ አመነታች። «ይቺ ያቺ የተቃጠለችው አይደለችም?»

ተራ አስከባሪው «ናት» አላት። «ሹፌሩ ግን ታፋ ነው።»

ሴትዮዋ አጎንብሳ ታፋን አየችውና ገባች። ከኋላዋ ሌላ ገባ፣ ሌላም። እስከ ቢላ አብሬያቸው ልሄድ አስቤ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ግን ሞልታለች። ታፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አባ፣ አንዱን ላስነሣልዎ?» አለኝ።

«ማንንም አያስነሡ!» አልኩት። «ይንዱ!»

ለእኔ ቦታ አልነበረም። ተመስገን።