የጳጉሜ ሰዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የሉም። ኦቦ ቶላሳ የስኳር መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ጠዋት ከእጃጂ መጥተው የሆስፒታላችን ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሙ። ስማቸውን ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም። የካርድ ቁጥራቸውን ጻፍኩ፤ አያውቀውም።

«አሁን አካም ቡልተን ብዬ ሰላም ያልኩሽ ሰውዬ የለሁም ማለት ነው?» አሉ። «ሚስቴ ብትሰማ እልል ትላለች።»

ወረፋው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቁጥሩን ግን ደግሜ ጻፍኩት።

እትዬ አስካለ የወረቀት ካርዳቸውን ከመደርደሪያው ባንድ አፍታ አወጡት። ካርድ ክፍሉን ከእኔ ልደት በፊት ጀምሮ ያውቁታል። ኦቦ ቶላሳ ሐኪም ዘንድ ገቡ። ካርዱን አየሁት፤ የትውልድ ቀን ጳጉሜ 3።

ቀኑን ደግሜ አነበብኩት።

የዳታቤዝ አድሚኒስትሬተር ሆኜ የሙከራ ጊዜዬ ዓርብ ያልቃል። የሥራ ሂደት ኃላፊያችን ኦቦ ገመቹ ያን ቀን ቋሚ ልሁን አልሁን ይጽፋሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የኮምፒውተሩን መዝገብ ከስህተት ሳጸዳ ያዘዝኩትን ትእዛዝ አገኘሁት፤ ወሩ ከ12 የሚበልጥ ከሆነ ሰርዝ። ከኢንተርኔት ትምህርት ላይ እንዳለ ገልብጬው ነው። የአስተማሪው አገር ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው። እኔስ? በሩፋኤል ዝናብ ካልተጠመቅሁ እያልኩ ግቢ ውስጥ ስሮጥ ያደግሁ የአምቦ ልጅ፣ አሥራ ሦስተኛውን ወር ስህተት ነው ብዬ ሰረዝኩት።

ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፦ አለ።
ስንት፦ አንድ ፍላሽ። በየዓርቡ አዲሱን በአሮጌው ላይ እገለብጣለሁ።
ከስረዛው በፊት የነበረው፦ የለም።

ማንም አላወቀም። የመጣውን ሰው እንደ አዲስ ብመዘግበው እስከ ዓርብ ያልፋል። ይህን ጻፍኩና መልሼ አነበብኩት። የጻፈችውን ሴት አልወደድኳትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ፈርቼ ነበር፤ የእኔ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር የእሳቸው ወረቀት መጋዘን ይገባል ተብሏል።

«ታዲያ ወረቀቱ እዚሁ እያለ ምን ያስለቅስሻል?»

«አላለቀስኩም።»

«እሺ፣ አፍንጫሽ ነው።»

ትንሽ ድል፦ ካርዶቹ በተራ ቁጥር ነው የተሰጡት። ስለዚህ የጎደሉትን ቁጥሮች አውጣ ብዬ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት። አርባ ሰባት። እሳቸው መሰላሉ ላይ ሆነው ያነባሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ጳጉሜ 1፣ ካቺሲ። ጳጉሜ 5፣ ባኮ። «ይቺን አውቃታለሁ፣ መንታ ነበረች» ይላሉ። ለኮምፒውተሩ ስም ነው። ለእሳቸው ሰው ነው።

ደንቡንም አስተካከልኩት። አሥራ ሦስት ወር። በጳጉሜ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አርባ ስድስት ገቡ። አንዱ ካርድ ቦታው ላይ የለም። መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ ፈለግሁ። እትዬ አስካለ ዛሬ ብዙ አላወሩም። ደክሟቸው ይሆናል። ያ አንድ ሰው ማን ነው? የት ሆኖ ነው እኔን የሚጠብቀው?

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ነገርኳቸው። ለኦቦ ገመቹ፣ ሁሉንም፤ ትእዛዙን፣ ፍላሹን፣ የጠፋውን አንዱን። ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

«ጫልቱ፣ ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ቋሚ ብዬ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር።»

 ሙከራውን ሁለት ወር አራዘሙት። ፍላሽ እየለወጥኩ የየሳምንቱን ቅጂ ለየብቻ እንዳስቀምጥ፣ በየወሩም አንዱን መልሼ ጭኜ በፊታቸው እንዳሳያቸው አዘዙ። ወረቀቱም እስከዚያ ካለበት አይነቃነቅም። ልወጣ ስል፣ «ገለቶሚ፣ ልጄ» አሉኝ። ምስጋናው የምር ይሁን ስንብት መለየት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ግማሽ ቀን ሥራ። እትዬ አስካለ ከእኔ ቀድመው ገብተዋል። መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ ያረጀ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። አርባ ሰባተኛው ቁጥር። ስሙ፣ አስካለ። ጳጉሜ 2።

«አንቺ ያንን ሁሉ ሄደሽ ስትናገሪ፣ እኔ ዕድሜዬን እደብቃለሁ። አፈርኩ።»

«እትዬ፣ ሰው እኮ የጠፋ መስሎኝ...»

«ጻፊው። ቀኑንና ወሩን ጻፊ። ዓመቱን ግን እንዳታዪ።»

ዓመቱ ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አይቀበልም። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ፤ እኔ አየሁና ጻፍኩት። ተቀበለ።

የተራዘመው ሁለት ወር ምን እንደሚያመጣ አላውቅም። ዓመቱን ግን እዚህ ማስታወሻ ላይ እንኳ አልጽፈውም።